የአምስት ሊትር ውሃ ሒሳብ፦ አንድ ቤተሰብ በአውስትራሊያ በረሃ ሲጓዝ

በደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ከምትገኘው ማሪ ከተባለች መንደር ተነሥቶ በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት እስካለችው በርድስቪል ድረስ የሚዘልቀው የጠጠርና የአሸዋ መንገድ 517 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ርቀቱ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከሚወስደው መንገድ ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ የድሬዳዋው ተጓዥ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽንና ጭሮን እያቋረጠ ውሃና ምግብ፣ ነዳጅና ጎማ ጠጋኝ ያገኛል፤ የበርድስቪሉ ተጓዥ ግን በመካከል የሚያገኘው ሙንጌራኒ የተባለውን የመንገድ ዳር ሆቴልና እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ጥቂት የከብት እርባታ ሰፈሮችን ብቻ ነው።

አውስትራሊያውያን ይህን ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ኋላ የተዘረጋ፣ ሰው የሳሳበት ሰፊ የውስጥ ምድር «አውትባክ» ይሉታል። ከሜይ እስከ ኦገስት ባሉት ወራት፣ ማለትም በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወቅት፣ ብዙ ቤተሰቦች ድንኳን፣ ጀሪካንና ልጆቻቸውን በፎር ዊል ድራይቭ መኪና ጭነው ይህን ምድር ለማየት ይወጣሉ። አብዛኞቹ በፀሐይ የጠቆረ ፊትና በአቧራ የተሞላ ሻንጣ ይዘው በደኅና ይመለሳሉ። በ1963 ዲሴምበር ወር ግን በዚያው በበርድስቪል መንገድ የተጓዙ አንድ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች፣ ነዳጃቸው አልቆ ከቆሙ በኋላ መኪናቸውን ትተው በእግር ሄዱ፤ አምስቱም በውሃ ጥም ሞቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና በቆመበት መቀመጥ ተስፋ መቁረጥ፣ መራመድ ደግሞ ለራስ መድረስ ሆኖ ለሰው ልብ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ስሜት ለምን እንደሚያሳስት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ በማስላት እንመለከታለን። ከዚያ በፊት ግን ስለ አገሩና ስለ መንገዱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ከበረሃው ሥር ያለው ውሃ

የአካባቢው ዓመታዊ የዝናብ መጠን ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ስድስት እጥፍ ያህል ታገኛለች። ከመንገዱ በስተምዕራብ ያለው ኬቲ ታንዳ ወይም ኤር ሐይቅ ዝቅተኛው ስፍራው ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የጨው ሜዳ ሆኖ ይታያል። የእኛን ዳሎል ያየ ሰው መልኩን በቀላሉ ይገምተዋል። ከሐይቁ በስተምዕራብ በምትገኘው ኡድናዳታ በ1960 ጃንዋሪ 2 ቀን የተለካው የአየር ሙቀት 50.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ደረቅ ምድር ሥር ከዓለም ታላላቅ የከርሰ ምድር ውሃ ክምችቶች አንዱ ተኝቷል። ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ የሚባለው ይህ ክምችት ከ1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አንድ እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ዝናቡ በዋናነት በምሥራቁ ከፍተኛ ምድር ላይ ወርዶ፣ ውሃን በሚያሳልፍ የአሸዋ ድንጋይ ንብር ውስጥ ገብቶ፣ በዓመት ጥቂት ሜትር እየተጓዘ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። ከንብሩ በላይ ውሃ የማያሳልፍ ጭቃማ ድንጋይ ስለተጫነው ታፍኖ በግፊት ይኖራል። ጉድጓድ ሲቆፈርለት ያለ ፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል። ነገሩ ፎቅ ላይ ከተቀመጠ ታንከር የሚወርደው ውሃ ምድር ቤት ባለው ቧንቧ በኃይል ከሚፈስበት ምክንያት የተለየ አይደለም።

በርድስቪል የሚገኘው ጉድጓድ ከ1200 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ውሃውም ሲወጣ 98 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አንባቢ ቢያሰላው ወደ መሬት ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ50 ዲግሪ በላይ ጭማሪ ማለት ነው፤ በአብዛኛው የምድር ቅርፊት የተለመደው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። መንገዱ የተቀየሰው የኩዊንስላንድን ከብቶች በማሪ ወደነበረው የባቡር ጣቢያ ለመንዳት በመሆኑ፣ ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት መንጋ ሳይጠጣ ሊሄድ የሚችለውን ርቀት መሠረት በማድረግ ነበር። ስንቅና ዕቃ ያመላልሱ የነበሩት ደግሞ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ሕንድ የመጡ ግመለኞች ናቸው፤ በማሪ የራሳቸው ሰፈርና መስጊድ ነበራቸው።

ቆርቆሮ የመሰለው መንገድ

በጠጠር መንገድ ላይ መኪና የነዳ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መከራ አለ። መንገዱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ መሪውን፣ ባሌስትራውንና የተሳፋሪውን ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ብዙ ሰዎች ይህን የሚያመጣው የከባድ መኪና ክብደት ወይም የሞተር ንዝረት ይመስላቸዋል። በ2007 ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በክብ ገበታ ላይ አሸዋ ዘርግተው፣ በአሸዋው ላይ አንዲት ትንሽ ጎማ እያሽከረከሩ ጉዳዩን መረመሩ። ሽብሽቡ የሚፈጠረው ጎማው ከአንድ ወሳኝ ፍጥነት ሲያልፍ መሆኑን፣ ጎማው ሞላ ባይኖረው እንኳ፣ አሸዋው በሌላ እህል መሰል ነገር ቢተካ እንኳ ሽብሽቡ እንደማይቀር አሳዩ። ወሳኙ ፍጥነት ለተለመደ መኪና አነስተኛ በመሆኑ ማንም ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ ሽብሽቡ የመንገድ ሠሪው ስንፍና ውጤት አይደለም፤ ማሽን ዛሬ ቢደለድለው ነገ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ይመጣል።

ሹፌሩ በእጁ ያለው መፍትሔ የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነው። ከነጭነቱ 2600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 650 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ ኃይሉ 6370 ኒውተን ይሆናል። የጎማው ንፋስ 240 ኪሎ ፓስካል ከሆነ፣ ኃይሉን ለግፊቱ ስናካፍል ጎማው መሬትን የሚነካበት ስፋት 265 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ንፋሱ ወደ 125 ኪሎ ፓስካል ሲቀነስ ስፋቱ ወደ 510 ከፍ ይላል። በእጥፍ ሰፊ መሠረት ላይ የቆመ መኪና በአሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። የግመል ኮቴ ሰፊና ለስላሳ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። የጎማ መንፊያ ያልያዘ ሹፌር ግን ንፋስ ባይቀንስ ይሻለዋል፤ በልል ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን ያሞቀዋል፣ ይቀደዋልም። ስኮርታም ሁለት ቢሆን አይበዛም።

የላብ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። በደጋ አገር ይህ ሙቀት ከቆዳ ወደ ቀዝቃዛው አየር በራሱ ይሄዳል። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ከዚህ ሲበልጥ አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ሙቀት ከአየር ወደ ሰውነት ይገባል። ያን ጊዜ የቀረን ብቸኛ መውጫ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

በ43 ዲግሪ አየር ውስጥ በጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው እንውሰድ። ከራሱ 100 ዋት፣ ከአየሩ ደግሞ ሌላ 100 ዋት ያህል ቢገባበት በጠቅላላው 200 ዋት ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 720 ኪሎ ጁል ማስወገድ አለበት፤ ይህም 0.3 ሊትር ላብ ነው።

ያው ሰው ተነሥቶ በአሸዋ ላይ በፀሐይ ቢራመድስ? ጡንቻዎቹ የሚያመነጩት ሙቀት ወደ 400 ዋት ያድጋል፤ ከፀሐይና ከጋለው መሬት 200 ዋት ያህል ይጨመርበታል፤ ከአየሩ የሚመጣው 100 ዋትም አለ። በድምሩ 700 ዋት፣ በሰዓት 2520 ኪሎ ጁል፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ላብ። አኃዞቹ እንደ ሰውየው ክብደት፣ እንደ ልብሱና እንደ ነፋሱ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት ግን አይጠፋም።

እንግዲህ በእጁ 5 ሊትር ውሃ ያለው ሰው ቀን በፀሐይ ቢጓዝ ከአምስት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይበቃዋል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በበርድስቪል መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ማንም አያደርስም። ይኸው 5 ሊትር በጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው አሥሩን ትኩስ ሰዓታት በ3 ሊትር፣ የቀሩትን አሥራ አራት ሰዓታት በአንድ ሊትር ተኩል ገደማ አሳልፎ፣ ለሽንት የሚወጣውን ጨምሮ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያቆየዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው አየሩ እጅግ ደረቅ በመሆኑ ላቡ ገና ሳይታይ መትነኑ ነው። ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ እርጥብ ሙቀት የመጣ ሰው ልብሱ በላብ ባለመራሱ «አላላበኝም» ብሎ ያስባል፤ በእውነቱ ግን ላቡ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ውሃውን እያሟጠጠው ነው። ሁለተኛው ጥም ራሱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤድዋርድ አዶልፍ የተባሉ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በበረሃ የሚሠለጥኑ ወታደሮችን አጥንተው በ1947 ውጤቱን በመጽሐፍ አሳተሙ። ሰው ውሃ በፊቱ እያለ እንኳ ያላበውን ያህል እንደማይጠጣ፣ ውሃን በጉንጭ እየቆጠቡ መጠጣት ደግሞ የላቡን መጠን እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ሰውነት የሚያልበው በሙቀቱ ልክ ነው፤ ኮዳው ይሙላ ይጉደል አያውቅም። ስለዚህ ውሃ ኮዳ ውስጥ እያለ በውሃ ጥም መሞት ይቻላል፤ እንደዚህ ሆነው የተገኙ ሰዎችም አሉ። መቆጠብ ያለበት ላቡ ነው፤ ላብ ደግሞ የሚቆጠበው በጥላና በዕረፍት ነው።

የሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲጎድል የሥራ አቅምና ትኩረት መቀነስ ይጀምራል። ጉድለቱ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። በመካከሉ ያለው ደረጃ፣ ሰው ማመዛዘን የሚያቅተው ደረጃ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ነው። «ተነሥተን እንሂድ» የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚያ ሰዓት ነውና።

ልጆችስ?

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ የቆዳው ስፋት 1.8 ስኩዌር ሜትር ያህል ነው፤ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ደግሞ 0.8 ያህል አለው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ብናካፍል የልጁ ስፋት ከአዋቂው አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል። አየሩ ከቆዳ በሚሞቅበት ጊዜ ይህ ትርፍ ስፋት ሙቀት የሚገባበት ሰፊ በር ይሆናል። የልጅ ላብ ዕጢ ደግሞ እንደ አዋቂው አብዝቶ አያመነጭም። በተጨማሪም ልጅ በጨዋታ ተጠምዶ ጥሙን ይረሳል። ወላጅ «ጠማችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በየጊዜው ቀድቶ ቢያጠጣ ይሻላል።

ለምን መኪናውን አይለቁም?

መኪና ከውሃው ሒሳብ ሌላ የሚሰጠው ጥቅም መታየት ነው። ከአውሮፕላን ቁልቁል ሲታይ ሰው ነጥብ እንኳ አይሆንም፤ አምስት ሜትር የሚረዝም፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ መኪና ግን ከሩቅ ይለያል። ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚቃኙትም መንገዱን ነው። «ሌሊት በቀዝቃዛው ብንሄድስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በውሃ ረገድ ትክክል ነው፣ ሌሊት ላቡ ይቀንሳል። ነገር ግን በጨለማ መንገዱን መሳት ቀላል ነው፤ ሲነጋም ተጓዡ ያለ ጥላ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ከመኪናው ጋር መቆየት ማለት ግን መኪናው ውስጥ መቀመጥ ማለት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋቱ ይገባል፣ ከውስጥ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር መስተዋቱ ያግደዋል፣ የጋለውም አየር መውጫ ያጣል። የተዘጋ መኪና ውስጡ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። የሚሻለው ከመኪናው ጎን ሸራ ወጥሮ ጥላ መሥራት ነው። ሸራው ሁለት ድርብ ሆኖ በመካከሉ አየር ቢያልፍበት የላይኛው የጋለውን ለታችኛው አያስተላልፍም። የመሬቱ ገጽ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ በቀጥታ አሸዋው ላይ መተኛትም አይገባም፤ ወንበር ወይም የመኪናው ወንበር ተነቅሎ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ ይጠቅማል።

አሸዋውን መቆፈርም ይቻላል። የቀንና የሌሊት የሙቀት ሞገድ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ስምንት ሴንቲ ሜትር በጠለቀ ቁጥር ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። በገጹ ላይ 40 ዲግሪ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ይለዋወጣል። ግን ቁፋሮው ራሱ ላብ ያስወጣልና በማለዳ ወይም በምሽት ካልሆነ አይመከርም። በአንዳንድ መጻሕፍት የሚገኘው ጉድጓድ ቆፍሮ በላስቲክ ሸፍኖ የመሬቱን እርጥበት የማጠራቀም ዘዴም በዚሁ ሚዛን ሲመዘን ይቀልላል፤ በደረቅ አሸዋ ከሚያስገኘው ውሃ የሚያስወጣው ላብ ሊበልጥ ይችላል። የራዲያተር ውሃ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጣም፤ ከእርሱ ጋር የሚቀላቀለው ኢቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው።

በፔዳል የሚሠራው ራዲዮ

መቆየት ትርጉም የሚኖረው የሚፈልግ ሰው ሲኖር ነው። ጆን ፍሊን የተባሉ ቄስ በ1928 በኩዊንስላንድ የበራሪ ሐኪም አገልግሎትን ሲያስጀምሩ፣ ሐኪሙ አውሮፕላን ቢኖረውም በሽተኛው የሚጠራበት መንገድ አልነበረም። የአድሌይዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ትሬገር በ1929 መፍትሔ አገኘ፦ ሰው እንደ ብስክሌት በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለት ራዲዮ። ጉልበቱ ለአንዲት ደካማ አምፖል የሚበቃ ያህል ነበር፤ ነገር ግን አጭር ሞገድ በአየኖስፌር እየተንጸባረቀ በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል። ይህ የራዲዮ መረብ በኋላ ለበረሃ ልጆች የአየር ላይ ትምህርት ቤት መሠረት ሆነ፤ ትምህርቱ በአሊስ ስፕሪንግስ የተጀመረው በ1951 ነው።

ዛሬ ቤተሰብ የሳተላይት ስልክና በ406 ሜጋ ኸርትዝ ጥሪ የሚያሰማ የእጅ መሣሪያ ይዞ ይጓዛል። የመሣሪያውን ጥሪ ሳተላይቶች ተቀብለው ቦታውን ለነፍስ አድን ማዕከል ያስታውቃሉ። ቢሆንም አሮጌው ልማድ አልቀረም፦ የሚነሡበትን፣ የሚደርሱበትን ቀንና ሰዓት ለአንድ ለታመነ ሰው ነግሮ መሄድ።

ሌሊቱ

ደረቅ አየርና ደመና የሌለው ሰማይ ቀን ያስገቡትን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ያስወጣሉ። በጁላይ ወር በአሊስ ስፕሪንግስ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ቀን በካናቴራ የዋለ ልጅ ሌሊት ወፍራም ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ከድንኳኑ ወጥቶ ቀና ቢል የሰሜን ኮከብን አያገኘውም፤ ከአድማስ በታች ነው። በምትኩ የደቡብ መስቀል አለ። የመስቀሉን ረጅም ዘንግ ወደ እግሩ አቅጣጫ አራት ጊዜ ተኩል ቢያስረዝሙት የደቡቡ የሰማይ ዋልታ ዘንድ ይደርሳሉ። ይህን መስቀል ለማየት አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልግም፤ በአፕሪልና በሜይ ምሽቶች ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከመስቀሉ አጠገብ ያለው ጥቁር የአቧራ ደመና ለብዙ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የታላቋ ሰማያዊ ኢሙ ራስ ነው። ኢሙ ሰጎን የምትመስል ወፍ ስትሆን፣ አንገቷና አካሏ በፍኖተ ሐሊብ ጥቁር ቦታዎች ላይ ይዘረጋሉ።

መልመጃ

ሁለት አዋቂዎችና 30 እና 20 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ልጆች ማክሰኞ ቀትር ላይ ከሙንጌራኒ 120 ኪሎ ሜትር ርቀው መኪናቸው ተበላሸ። ውሃቸው 70 ሊትር ነው። ረቡዕ ማታ በርድስቪል ካልደረሱ ሐሙስ ጠዋት ፍለጋ እንዲጀመር ለወዳጃቸው ነግረዋል። የአየሩ ሙቀት 43 ዲግሪ ነው።

(ሀ) ለአዋቂ በቀን 5 ሊትር፣ ለልጆቹ 4 እና 3 ሊትር ቢያዝ በጥላ ሥር ስንት ቀን መቆየት ይችላሉ?

(ለ) አባትየው 10 ሊትር ተሸክሞ ቀን በፀሐይ ወደ ሙንጌራኒ ቢነሣ ውሃው በስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያልቅበታል? 10 ሊትር 10 ኪሎ ግራም መሆኑን፣ ሸክም ደግሞ ላብ መጨመሩን ግምት ውስጥ አስገቡ።

(ሐ) አባትየው በመሄዱ በመኪናው ዘንድ የቀሩት ሦስቱ ስንት ቀን ያገኛሉ ወይስ ያጣሉ?